ናፊያ የፈረመችበት ጓንት

ናፊያ ዓብዱላሂን ያወቅኋት በወተት ጠብ ነው። ከሐረር ወጣ ካለችው ከሶፊ ገጠር ወተት በጀሪካን ይዛ ትመጣና ሸዋ በር ከሚኒባስ ወርዳ የእኛን ሰፈር በር በበር ታዳርስ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት ባለቤቴ ልደት ወተቱን ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች። «ይቺ ልጅ ምን ጨምራበት ነው?» ብላ ለእኔ አቀበለችኝ። እሬት እንጂ ወተት አይባልም። በሩ ላይ ወጥቼ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገኝ ተቆጥቼ፣ «ላምሽ ቅንጨ በልታለች!» አልኳት።

ልጅቷ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እኛ ራሳችን ቅንጨ መች አገኘንና ለላም እንሰጣለን?»

እሷ የምታውቀው ቅንጨ ቁርስ ቤት በቅቤ የሚቀርበውን ነው። እኔ ያልኩት አረሙን። አበባው ነጭ፣ ጥቃቅን፣ የተከካ ስንዴ የመሰለ ስለሆነ መጻሕፍቱም መሥሪያ ቤታችንም ቅንጨ አረም ይሉታል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። ይህን ሳስረዳት ሳቋ መጣ። «እሱን ነው እንዴ? እሱማ ፈረምሲሳ ነው። ቅንጨ ሲሉ እኮ ቁርስ መስሎኝ ነው!» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «ግጦሹ በሙሉ እሱ ሆኗል፤ ላሟ ሌላ ምን ትብላ?» አለችኝ። ወተቱን ከእሷ ገዛንና ደፋነው።

ስሜ አሰፋ ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በእፅዋት ጥበቃ ባለሙያነት ተመድቤ ሐረር ስመጣ ጎረምሳ ነበርኩ፣ በወተቱ ጠብ ጊዜ እዚህ ከኖርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሥራዬ መጤ አረሞችን ለይተው የሚመዘግቡና የሚያስወግዱ ቃኚዎችን ማሠልጠን ነው። ቀላል ይመስላል። አረም ወገብ ደርሶ ሲያብብ ማንም ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ማወቁ ግን ለማንም አይጠቅምም። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በጫማ፣ በጫት ጭነት ይሄዳል። መታወቅ ያለበት ገና በሁለትና በሦስት ቅጠሉ፣ ከመሬት ጣት ያህል ከፍ ሳይል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልኩ ስንቱን አሠልጥኛለሁ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በዚያ ዕድሜው ከጭቁኝ ወይም ከካሮት ቅጠል አይለየውም። እኔም እሳሳት ነበር፤ ለሠልጣኝ ግን አልናገርም።

ናፊያ አትሳሳትም ነበር። በሳምንቱ ስትመጣ አጥራችን ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። «ጋሼ፣ እርስዎም ግቢ ገብቷል» አለችኝ። አየሁት። ጭቁኝ ነው አልኳት። ቅጠሏን ቆርጣ በጣቷ አሸችና ምላሷን አስነክታ ተፋች። «እሱ ነው፣ ወላሂ። የወተቱ ምሬት ነው።» እልኸኛ ስለሆንኩ አልነቀልኩትም፤ ጭቁኝ መሆኑን ላሳያት ነበር ያስቀመጥኩት። ከወር በኋላ ነጭ አብቦ፣ ልደት «የአሠልጣኙ አረም» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አሳየችው።

አባቷ የሞተው ናፊያ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። ለእሷና ለእናቷ ለአዴ ዘቢባ የቀረላቸው በእርከን የተሠራ የማሽላ ማሳ፣ ጥቂት እግር ጫትና አንዲት ላም ነበር። አሥረኛን ጨርሳ ማሳው ላይ ቀረች። አረሙ መጀመሪያ በመንገዱ ዳር መጣ። በሁለተኛው ዓመት የታችኛውን እርከን ያዘ፤ በአራተኛው ጫቱ ሥር ደረሰ። እናትና ልጅ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብለው ሲነቅሉ ይውላሉ፤ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ እንደገና ይበቅላል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላማረረችም። ስለ አንድ ክፉ ጎረቤት የምታወራ ነበር የሚመስለው።

እንዲህ ያለ ዓይን ወተት ሲያዞር መዋሉ አናደደኝና ለሥልጠናው እንድትመዘገብ ጨቀጨቅኋት። ከመመዝገቧ በፊት አዴ ዘቢባ ራሳቸው ከሶፊ ድረስ መጡ። «ልጄን ለምን ሥራ ነው የሚወስዷት?» አሉኝ። አረም መለየት እንድትማር ነው ስላቸው ሳቁ። «ይኼን ለመለየት ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ? ጠጥተነዋል እኮ!» ሲሄዱ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አንድ እሷን ነው ያለኝ፣ አቶ አሰፋ» አሉ። «በእኔ ይጣሉት» አልኳቸው። አፍ ምን ቸገረው።

ሥልጠናው በተከታዩ ሐምሌ ነበር። አሥር ሆነው፣ ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተምረው፣ በአራተኛው ቀን ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ ወጣን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ አለን፤ እሱን ማሳው ውስጥ ሳያነጣጥሩ ይጥሉና በክፈፉ ውስጥ ያለውን አረም አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ቦታውን በስልክ ይመዘግባሉ። «ሳታነጣጥሩ!» እያልኩ ቀኑን ሙሉ እጮሃለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ቆጠራ ሲሰለቸው ክፈፉን ንጹሕ ቦታ ላይ ይጥላል። አብዱልፈታ የሚባል ምላሰኛ የጀጎል ልጅ ነበር። «ጋሽ አሰፋ፣ መጤ የሚባል ነገር ከመጣ በስንት ዓመቱ ነው ነዋሪ የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐረር ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ ይህን ቀልድ የማይችል ቢሄድ ይሻለዋል።

አንድ ክፈፍ ላይ አብዱልፈታ አሥራ አራት ቆጠረ። ናፊያ እዚያው ክፈፍ ላይ ተቀምጣ ስድሳ አንድ አለች። ሁሉንም አስቁሜ እኔ ራሴ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቆጠርኩ፤ ስድሳ አንድ ነው። «እነሱ ቆመው ነው የሚያዩት» አለችኝ በትሕትና። በተጠራጠረች ጊዜ ግን ያው እንደ አጥራችን ሥሩ፣ ቅጠሉን አሽታ ምላሷን ታስነካዋለች። የመጀመሪያው ቀን፣ «ተይ፣ መርዝ ነው፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ደረት ይዘጋል» ብያታለሁ። ይህን አንድ ጊዜ ብያለሁ። በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ጉራ አማረኝ። «ናፊያ፣ ነይ፣ ቅመሽና ንገሪያቸው» አልኩ። አምስት ዓይነት ቡቃያ ደረደርኩላት፤ ዓይኗን ጨፍና በምላሷ ለየችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ልቤ በኩራት አበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀሩት ሠልጣኞችም መቅመስ ጀመሩ፤ ተዉ አላልኳቸውም። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጉዳቱን አዳራሹ ውስጥ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

የሥልጠናው መዝጊያ ቀን ጓንት መጣ። እስከ ክርን የሚደርስ፣ ብርቱካናማ፣ ጠንካራ ጓንት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥንድ፣ ከአፍንጫ መሸፈኛ ጋር። የመጋዘን ኃላፊው ዳዊት ሞዴል ሃያ ሁለቱን፣ ዕቃ ወጪ የሚደረግበትን ቅጽ፣ ይዞ መጣ። አሥሩም ስማቸው አጠገብ ፈረሙ። ከግርጌው «ለሠልጣኞች ተከፋፍሎ ሥራ ላይ ውሏል» ይላል፤ እዚያ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያ የሥልጠናው ስም የተጻፈበት ትልቅ ሸራ ተዘረጋ፣ ሁሉም ጓንታቸውን አጥልቀው አንዳንድ ግንድ አረም ይዘው ቆሙ፣ ፎቶ ተነሡ። ፎቶው እስከ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ናፊያ ጫፍ ላይ ናት፤ ጓንቱ ስለሰፋት እጇን ከፍ አድርጋ ነው የያዘችው።

ፎቶው እንዳለቀ ዳዊት ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ። «በሉ ጓንቱን መልሱልኝ።»

«አሁን ፈርመን አልነበር እንዴ?» አለ አብዱልፈታ።

«ለሁለተኛው ዙር ሠልጣኞች ግዢው አልደረሰም፣ እነሱም ፎቶ አላቸው። እናንተ ወደ ማሳ ስትወጡ ይሰጣችኋል።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ አዩ። ፀሐዩ አናቴን በልቶኛል፣ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ከዳዊት ጋር መጨቃጨቅ አልፈለግሁም። «ስጡት፣ ይመልስላችኋል» አልኩ።

ናፊያ ጓንቷን አውልቃ አንዱን በአንዱ ውስጥ በሥርዓት አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አባቶቻችን ስሙን ያወጡለት ዐውቀው ነው» አለችኝ።

«የምኑን ስም?»

«የፈረምሲሳን። በኦሮምኛ እኮ የሚያስፈርም ማለት ነው። ማሳውን ሲውጥበት ገበሬው ‘ለቅቄያለሁ’ ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ነው ስሙ። እኛንማ ገና ሳንነቅለው አስፈረመን!» ሁሉም ሳቁ፤ ዳዊትም ሳይቀር። እኔ ያን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ከገበሬ አፍ ስሰማ ኖሬ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሳቅሁና ማታ ለልደት አወራሁላት።

በኮንትራት ተቀጥረው ወደ ማሳ ሲወጡ ጓንት አልተሰጣቸውም። እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው አንጓው ላይ በክር ያስሩታል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይቀደዳል። ዳዊትን ጠየቅሁት። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። «ጋሽ አሰፋ፣ እነዚህ ልጆች ጓንት ወስደዋል። ይኸው ፊርማቸው፣ ይኸው የእርስዎ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ወጪ አላደርግም።» ጓንቱ ከኋላው መደርደሪያ ላይ፣ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ፣ ብርቱካናማ ጫፉ ይታየኛል። ተመላሽ መሆኑ አልተጻፈም፤ በወረቀት መደርደሪያው ባዶ ነው። ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፌ «ጓንቱ ተመልሷል» ማለት ይቻል ነበር። እንዲያ ካልኩ ግን የፈረምኩት ሐሰት ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጀመርኩት፤ አልጨረስኩትም።

በመጀመሪያው ዓመት ናፊያን ጣቶቿ መሐል ማሳከክ ጀመራት። ሳማ ነክቶኝ ነው አለች። በሁለተኛው ዓመት ሽፍታው ወደ አንገቷና ወደ ቅንድቧ ወጣ፤ ቆዳዋ እየጠቆረና እየደነደነ ሲሄድ ሻሿን እስከ አገጯ ድረስ መሳብ ለመደች። ሽማግሌ የላከላት አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ «ይጋባል» የሚል ወሬ ሰምቶ ቀረ። ስለዚያ አንድ ቀን ብቻ ነው ያወራችኝ፣ እሱንም እየሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ክፈፉን ጣለች። ኮንትራቷ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ ታምሜያለሁ ማለት አትፈልግም ነበር። በእነዚያ ዓመታት የሶፊን ማሳ ሁሉ ማለት ይቻላል የመዘገበችው እሷ ናት። የእናቷንም ማሳ እንደ ሌላው ሁሉ ክፈፍ ጥላ ቆጥራ፣ ሳትቀንስ ጻፈች። ካሠለጠንኳቸው ሁሉ እንደ እሷ ያለ አልነበረም፤ አሁንም እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ደረቷ ያፏጭ ጀመር። አንድ ቀን እዚያው ሶፊ፣ አረሙ ትከሻ በደረሰበት ማሳ ውስጥ፣ ክፈፉ ላይ እንደ ተቀመጠች መነሣት አቃታት። ከንፈሯ ጠቆረ። አብዱልፈታና እኔ ተሸክመን መንገድ አወጣናትና በሚኒባስ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጇን አገላብጦ አይቶ ሥራዋን ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቆዳውም ሳንባውም ከዚህ ተክል ነው። ከእሱ ካልራቀች አንድ ቀን ይይዛትና አይለቃትም» አለ። ሶፊ ተመልሳ እንዴት ነው የምትርቀው? አረሙ በረንዳቸው ድረስ ነው። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ፣ የአክስቷ ቤት፣ መስኮት የሌለው አንድ ጓዳ ውስጥ ገባች። ፓፍ የሚሉትን በአፍ የሚማግ መድኃኒት ከእጇ አትለይም። ልጠይቃት ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ከጀጎል ግንብ ሥርም በቅሏል፣ ስመጣ አየሁት» አለችኝ። እኔ በዚያው መንገድ አልፌ አላየሁትም።

አዲስ አበባ ሄዳ በልዩ ሐኪም እንድትታይ መሥሪያ ቤቱ ሕመሟን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ብሎ መቀበል ነበረበት። ከተቀበለ ሕክምናውም ፈቃዱም የእሱ ነው፤ ካልተቀበለ የራሷ ነው። ማመልከቻ አስገባች። ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራቸው ፋይሉን መግለጥ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ሞዴል ሃያ ሁለቱ አለ።

ለእኔ ጡረታ አራት ወር ቀርቶኛል። ሁለቱ ልጆቼ ገና ኮሌጅ ናቸው። በሐሰት መፈረም ዲሲፕሊን ነው፤ የጡረታ ፋይል ደግሞ ዲሲፕሊን ከገባበት መቼ እንደሚወጣ አላህም እግዜርም አያውቁትም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በዚያ ሳምንት ያሰብኩት ይህን ብቻ መሆኑን ለመናገር ነው።

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት በነበረው ቀን፣ ጠዋት፣ ናፊያ ቤታችን መጣች። ከጀጎል በእግሯ ስለመጣች ግቢያችን ውስጥ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። ልደት ውኃ ሰጠቻት። ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጓንት ወስደሻል ወይ ብለው ይጠይቁኛል አሉ። ምን ልበል?» አለችኝ።

እውነቱን በይ፣ እኔም እናገራለሁ፤ ይኸው ነው መልሱ፣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ፣ «ፊርማሽ አለ። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ» አልኳት። ሌላ ነገር እጨምር እንደሆነ ጠበቀችኝ። አልጨመርኩም።

«ገባኝ» አለች። ብርጭቆውን ለልደት መልሳ፣ «ጡረታዎ መቼ ነበር?»

«ታኅሣሥ።»

«ኢንሻአላህ በሰላም ይወጣሉ» አለችና ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ልደት፣ «ለምን ዝም ብለህ ላክሃት?» ብትለኝ ጮህኩባት። ልደት ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ዳዊት በጸሐፊነት ተቀምጧል። እኔ በአሠልጣኝነቴ ተጠርቼ ጥግ ላይ ነበርኩ። ናፊያ ገብታ እንደተቀመጠች ማሳል ጀመረች፤ ፓፏን ሁለት ጊዜ ማገች። ሰብሳቢው ቅጹን አዙሮ አሳያት።

«ይህ ፊርማ የአንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ጓንቱን ተቀብለሻል?»

«ተቀብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተጠቀምሽበትም?»

ወደ እኔ አላየችም። አንድ ጊዜ እንኳ ብታየኝ ኖሮ የምናገር ይመስለኛል፤ ይህም ራሴን ማታለያ ሊሆን ይችላል። «ጠፋብኝ» አለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«የት ጠፋብሽ?»

«አላውቅም። ጠፋብኝ።»

ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «አቶ አሰፋ፣ የሚጨምሩት ነገር አለ?» «የለም» አልኩ። ውሳኔው በዚያው ሳምንት ወጣ። «ሠራተኛዋ የተሰጣትን የመከላከያ ዕቃ በራሷ ቸልተኝነት ያጠፋች በመሆኑ ጉዳቱ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት የደረሰ አይደለም» ይላል። ኮንትራቷም አልታደሰም።

ያን ቀን ከስብሰባው ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ፈልጌም ነበር። «ጋሼ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ ያስወጡላቸው። ከጽጌረዳው መሐል ያለው ነጩ እሱ ነው። ሰዎቹን ያማቸዋል።» ተመልሼ ገባሁ። እውነቷን ነው፤ አበባ ሻጮች ለማሟያ ይጨምሩታል። ስብሰባውን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እኔ አሠልጣኙ አላየሁትም። ይዤው ወጣሁ፤ እሷ ሄዳለች።

ሥራው ሲቀር ጀጎል መቆየት አልቻለችም፤ ወደ ሶፊ ተመለሰች። እኔ በታኅሣሥ ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ዳዊት ስለ ታማኝነቴ ንግግር አደረገ። ለናፊያ ሁለት ጊዜ ፓፍ ገዝቼ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላክሁላት። ራሴ አልሄድኩም። በጋውን ደህና ናት ይሉኝ ነበር፤ በጋ አረሙ ደርቆ ይተኛል። ሐምሌ ሲገባ በሶፊ መንገድ ግራና ቀኙ ነጣ። በነሐሴ መጀመሪያ አብዱልፈታ ደወለልኝ። ጠዋት ደረቷ ተዘጋባት፣ እናቷና ጎረቤቶች በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፣ መኪና ሳያገኙ መንገድ ላይ አለፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለለቅሶ ሄድኩ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ በአረሙ መሐል ነው የሚታለፈው፤ አበባው ሱሪዬ ላይ እየተራገፈ ደረስኩ። ወንዶቹ ጋ ተቀመጥኩ። አዴ ዘቢባ ከሴቶቹ ዘንድ ተነሥተው ወጡና ወደ እርከኑ ጫፍ ጠሩኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነፍስ ይማር አልኳቸው። አሚን አሉ። ዓይናቸው ደርቋል።

«አቶ አሰፋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ። «ልጄ ጓንት ጣለች አሉ። እኔም ጠየቅኋት፤ አዎ ጠፋብኝ አለችኝ። አላመንኳትም። ናፊያ ዕቃ ጥላ አታውቅም። ትምህርት ቤት ስትሄድ አንድ እርሳስ ጣት እስኪያክል ድረስ አልቆ ነው ሌላ የሚገዛላት። እስቲ የት ነው የጣለችው?»

«አልጣለችም» አልኳቸው።

«የት ሄደ ታዲያ?»

«መጋዘን ነው። ፎቶ ከተነሡ በኋላ መልሰው ወሰዱት። እዚያው ቆሜ ነበር።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከቤት የሴቶቹ ዱዓ ይሰማል። «ሰዎቹ ሲጠይቋትስ እርስዎ እዚያ ነበሩ?» አሉኝ።

«ነበርኩ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላልኩም። ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ወጡ?»

«ወጣሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሌሎች ለቀስተኞች ሲመጡ አይተው ሊቀበሏቸው ተነሡ።